ተዳፋቱ ወለል፤ ዊሊ ሚቼልና የደቡብ ሜምፊስ ሙዚቃ



አሮጌ ሲኒማ ቤት ለሌላ ሥራ እንዲያሰናዳ የታዘዘ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚያርመው ወለሉን ነው። የሲኒማ ቤት ወለል ከኋላ የተቀመጠው ተመልካች ከፊቱ ባለው ሰው ራስ ላይ አሻግሮ እንዲያይ ተብሎ ከበሩ ወደ መጋረጃው እያሽቆለቆለ ይሠራል። ቤቱ መጋዘን ወይም ቢሮ ይሁን በተባለ ጊዜ ይህ ተዳፋት እንደ ጉድለት ይቆጠራል፤ በድንጋይና በአፈር ይሞላል፣ ኮንክሪት ይለብሳል፣ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ርክክብ ይፈጸማል። በዚህ አሠራር ማንም አይወቀስም።

በ1957 በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ ሳውዝ ሎደርዴል በተባለው ጎዳና ላይ ሮያል የሚባል አሮጌ ሲኒማ ቤት ወደ ሙዚቃ መቅጃ ስቱዲዮነት ተለወጠ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ወንበሮቹ ተነቅለው ወጡ፤ ማይክሮፎኖችና የቴፕ መቅረጫ ገቡ፤ ወለሉ ግን እንደ ነበረ ተዳፋት ሆኖ ቀረ። ያ ወለል ዛሬም ተዳፋት ነው። ከስድሳ ዓመታት በላይ ሳይነካ እንዲኖር ያደረገው፣ በዚያ ወለል ላይ የሠፈሩን ሙዚቀኞች ሰብስቦ ዓለም የሚያውቀውን ድምፅ ያወጣው ሰው ዊሊ ሚቼል ይባላል። የዛሬው ንግግር ስለ እርሱና ስለ ስቱዲዮው ነው።

ሚቼል የተወለደው በ1928 አሽላንድ በምትባል የሚሲሲፒ ግዛት ትንሽ ከተማ ነው፤ ያደገው ግን በሜምፊስ ነው። በልጅነቱ የያዘው መሣሪያ ትራምፔት ነበር። በከተማው በሙዚቃ አስተማሪነትና በአቀናባሪነት ከተከበረው ከኦንዚ ሆርን ዘንድ የጃዝን የስምም አሰካክ ተማረ፤ ይህ ትምህርት ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ፍሬ እንዳፈራ ወደ ፊት ይታያል። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ለውትድርና ተመልምሎ አገልግሎቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ ሜምፊስ ተመልሶ የራሱን ባንድ አቋቋመ። ባንዱ በከተማውና ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ በዌስት ሜምፊስ በሚገኙ የምሽት ክበቦች ይጫወት ነበር። በዚያን ዘመን በደቡባዊው አሜሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድ ክበብ ተቀምጦ መዝናናት በሕግና በልማድ የተከለከለ ስለነበረ፣ የሚቼል ባንድ ነጮች በሚዝናኑባቸው ቤቶች ሲጫወት ሙዚቀኞቹ በመድረኩ ላይ እንጂ በጠረጴዛው ዙሪያ ቦታ አልነበራቸውም።

ክበቡ ትምህርት ቤቱ ነበረ። ሌሊቱን ሙሉ የሚደንስ ሕዝብ ፊት የሚጫወት ባንድ አንድ ነገር በግድ ይማራል፤ የሰው እግር የሚንቀሳቀሰው በየትኛው ፍጥነት እንደ ሆነና የትኛው ጌጥ ለሙዚቀኛው ደስታ ብቻ እንደ ተጨመረ ይገባዋል። ሚቼል በኋላ በስቱዲዮ ውስጥ ያሳየው ቁጥብነት ከዚያ የመነጨ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሮያልን ስቱዲዮ ያደረገው ሃይ ሬከርድስ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆ ኩኦጊ በሜምፊስ የታወቀ የሸክላ መሸጫ ሱቅ ባለቤት ነው። ኩባንያው በመጀመሪያ የታወቀው ያለ ዘፈን በመሣሪያ ብቻ በሚቀረጹ የዳንስ ሙዚቃዎች ነበረ፤ የኤልቪስ ፕሬስሊ የቤዝ ተጫዋች የነበረው ቢል ብላክ ከባንዱ ጋር በ1959 ያወጣው ሸክላ ለኩባንያው የመጀመሪያው ትልቅ ገቢ ሆነ። ሚቼልም በስድሳዎቹ መጀመሪያ ወደዚህ ቤት የገባው በትራምፔት ተጫዋችነትና በባንድ መሪነት ነው። በ1964 ያወጣው አንድ የዳንስ ሙዚቃ "20-75" ይባላል። ስሙ ምሥጢር የለውም፤ የሸክላው የመዝገብ ቁጥር ነው። ለዜማ ስም ከማሰብ ይልቅ የመዝገቡን ቁጥር የወሰደ ሙዚቀኛ በመሐንዲሶች ማኅበር ዘንድ እንግዳ ተደርጎ የሚታይ አይመስልም። በ1968 ደግሞ "ሶል ሴሬናድ" የተባለውን ሙዚቃ አውጥቶ በመላው አሜሪካ ተሰማለት።

ይሁን እንጂ ሰውየውን ከመድረኩ ይበልጥ የሳበው ከመስተዋቱ ወዲያ ያለው ክፍል ነበር። ማይክሮፎን የት እንደሚቆም፣ የትኛው ድምፅ ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንደሚል ራሱ ይወስን ጀመር፤ በመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ላይም ራሱ ይቀመጥ ነበር። ኩኦጊ በ1970 ሲሞት የኩባንያው የሥራ አመራር በሚቼል ላይ ወደቀ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያችው ከተማ ከተገደሉ ገና ሁለት ዓመት መሆኑ ነበር። አንድ ጥቁር ሙዚቀኛ ነጮች ባቋቋሙት ኩባንያ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን መያዙ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለ ሠፈሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ያለ ሠፈሩ ስቱዲዮው አይገባምና። ከሮያል ብዙም ሳይርቅ፣ በማክሌሞር ጎዳና፣ ካፒቶል የተባለ ሌላ ሲኒማ ቤት ነበረ። ይህንንም በ1960 ስታክስ የተባለው ኩባንያ ስቱዲዮ አደረገው። ቴሌቪዥን የየሠፈሩን ሲኒማ ቤቶች ተመልካች ያራቆተበት ዘመን ስለነበረ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ስፋቱ የተትረፈረፈ፣ ኪራዩም የማይከብድ ቤት ለሚፈልግ ሰው ሲኒማ ቤት ጥሩ ምርጫ ነበረ። እንዲህ ሆኖ በአንድ የከተማ ክፍል ውስጥ ሁለት ተዳፋት ወለሎች፣ ሁለት የሙዚቃ ቤቶች ተገኙ። የአካባቢው ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ይሄዱ ነበር። ከበሮ መቺው አል ጃክሰን አስቀድሞ በሚቼል ባንድ ተጫወተ፤ ከዚያ በስታክስ ቤት ቋሚ ሆነ፤ ቢሆንም ለሮያል ቅጂ በተፈለገ ጊዜ ይመጣ ነበር። ሌላው ከበሮ መቺ ሃዋርድ ግራይምስ ደግሞ በአፍላነቱ በስታክስ ጀምሮ በኋላ የሮያል ሰው ሆነ። ሁለቱ ኩባንያዎች በገበያ ይፎካከሩ እንጂ የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነበር።

ሚቼል ለሮያል ቋሚ ባንድ ሲያዘጋጅ ስመ ጥር ሙዚቀኛ ከኒው ዮርክ ወይም ከቺካጎ አላስመጣም። በሜምፊስ አጠገብ ከምትገኘው ከጀርመንታውን ሦስት ወንድማማቾችን ወሰደ። እነርሱም ጊታር የሚጫወተው ሜቦን ሆጅስ (በቅጽል ስሙ ቲኒ)፣ ቤዝ የሚጫወተው ሌሮይና ኦርጋን የሚጫወተው ቻርልስ ናቸው። አባታቸው የብሉዝ ባንድ ስለነበረው ልጆቹ ገና በጨቅላነታቸው መሣሪያ ይዘዋል። ሚቼል ቲኒን በራሱ ቤት አስቀምጦ ነው ያሳደገው ለማለት ይቻላል፤ ከእርሱ ጋር አብሮ ይኖር ነበር። በፒያኖ የእንጀራ ልጁ አርቺ ተርነር፣ በሳክስፎንና በቅንብር ወንድሙ ጄምስ ሚቼል ተጨመሩ። ዘፈን ደራሲውና ዘፋኙ ዶን ብራያንትም ከዚሁ ቤት ያደገ ነው። ዘመድና ጎረቤት የሞላበት የሥራ ቤት ብዙ ጊዜ ለአድልዎና ለድክመት በር ይከፍታል። እዚህ ግን የተገላቢጦሹ ሆነ፤ ምክንያቱም ሰዎቹ በየቀኑ ለብዙ ዓመታት አብረው ስለ ተጫወቱ የአንዱን ትንፋሽ ሌላው ያውቀዋል፣ ሚቼልም በጆሮው ጉዳይ ለዘመድ የሚራራ ሰው አልነበረም።

ወደ ቤቱ አሠራር እንመለስ። ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በአንድ ክፍል ውስጥ ጠጣር የሆኑ ሁለት ገጽታዎች፣ ለምሳሌ ወለልና ጣሪያ፣ በ4 ሜትር ርቀት ትይዩ ሆነው ቢቆሙ የሞገዱ ርዝመት የዚህ እጥፍ፣ ማለትም 8 ሜትር የሆነ ድምፅ በመካከላቸው እየተመላለሰ ቋሚ ሞገድ ይሠራል። 343 ለ8 ሲካፈል በሴኮንድ 43 ንዝረት ገደማ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ጣት ሳያርፍበት ሲመታ በሴኮንድ 41 ንዝረት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ እንዲህ ባለው ክፍል ውስጥ የቤዝ ተጫዋቹ ዝቅተኛ ድምፆች ከልክ በላይ ያጓራሉ፤ ጥቂት ከፍ ያሉት ደግሞ ይሟሽሻሉ። ሙዚቀኛው በእኩል ኀይል ቢመታም ቤቱ እኩል አድርጎ አይመልስለትም። ወለሉ ተዳፋት በሆነ ጊዜ ግን በወለሉና በጣሪያው መካከል ያለው ርቀት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንድ ንዝረት ላይ ይከማች የነበረው ጉልበት በብዙ ንዝረቶች ላይ ይበተናል። ችግሩ ፈጽሞ ባይጠፋም ይለዝባል። አዲስ ስቱዲዮ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ግድግዳዎቻቸውን ሆን ብለው ከትይዩነት የሚያወጡት ለዚህ ነው፤ በሮያል ይህ ዕድል ለተመልካች ዓይን ሲባል አስቀድሞ ተሠርቶ ቆየ።

የቀረው የግድግዳው ጉዳይ ነበር። ባዶ ሲኒማ ቤት ያስተጋባል፤ ከበሮው አንድ ጊዜ ተመትቶ ሦስት ጊዜ ይሰማል። በሮያል ግድግዳው በጆንያና ጥጥ መሰል በሆነ ድምፅ መጣጭ ንጣፍ ተሸፈነ። ውበት የለውም። ስቱዲዮውን የጎበኙ ብዙ ሰዎች አስቀድሞ የሚገርማቸው የቤቱ ጉስቁልና ነው። ነገር ግን ከዚያ ቤት የወጣው የከበሮ ድምፅ ደረቅ፣ አጭርና ቅርብ ነው፤ የሚሰማው ሰው ከበሮው አጠገብ የተቀመጠ ያህል ይሆንለታል። የሚቼል ቅጂዎች በሬዲዮ ገና ሲጀምሩ የሚለዩት በዚህ ነበር። ቤዙና ከበሮው ከፊት ይቆማሉ፣ ኦርጋኑ እንደ ጭስ ከኋላ ይሞላል፣ ጊታሩ በጥቂቱ ጣል ያደርጋል።

በ1968 ሚቼል ባንዱን ይዞ ወደ ቴክሳስ በሄደ ጊዜ ሚድላንድ በተባለች ከተማ ከእርሱ ባንድ በፊት የሚዘፍን አንድ የማይታወቅ ወጣት አገኘ። የወጣቱ ስም አል ግሪን ነው። ሚቼል ራሱ በተለያየ ጊዜ እንደ ተረከው፣ ወደ ሜምፊስ ቢመጣ በ18 ወር ውስጥ ስመ ጥር እንደሚያደርገው ነገረው። ወጣቱም ጊዜው ረዘመብኝ አለ። በኋላ ግን ዕዳዬን ልክፈል ብሎ 1,500 ዶላር ተበድሮ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶም በእርግጥ ሜምፊስ ደረሰ። ገንዘቡን የሰጠው ሰው በዚያን ጊዜ ሀብታም እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

ግሪን በመጀመሪያ እንደ ዘመኑ ታላላቅ የሶል ዘፋኞች በኀይል መጮህ ይፈልግ ነበር። ሚቼል ከለከለው። ድምፅህን ቀንስ፣ ለብዙ ሰው ሳይሆን ለአንድ ሰው ዝፈን የሚል ነበር ትእዛዙ። ይህ የጥበብ ምክር ብቻ አልነበረም፤ በጀርባው የማይክሮፎን ዕውቀት አለ። ግሪን የዘፈነበት፣ በስቱዲዮው ቁጥር 9 ተብሎ የሚታወቀው የአርሲኤ ማይክሮፎን የሪባን ዓይነት ነው። ሪባን ማይክሮፎን በማግኔት ዋልታዎች መካከል የተንጠለጠለ እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ነው፤ የአየሩ እንቅስቃሴ ጥብጣቡን ሲያነቃንቀው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል። ይህ ዓይነቱ ማይክሮፎን ሁለት ጠባይ አለው። የሚጮህበትንና በኀይል የሚተነፍስበትን አይወድም፤ ጥብጣቡ ሊጎዳ ይችላል። ቀርቦ በለስላሳው የሚያነጋግረውን ግን ይክሳል፤ የድምፁን ወፍራም ክፍል አጉልቶ ይሰጠዋል። ስለሆነም የሰውየው ልስላሴና የመሣሪያው ጠባይ ተገናኙ። በዚያ ላይ ሚቼል የግሪንን ድምፅ በተለያዩ ትራኮች ደጋግሞ እየቀዳ ዘፋኙ ራሱን በራሱ እንዲያጅብ አደረገው። ዛሬ ይህ የሁሉ ሰው አሠራር ነው።

ከዚህ የተገኘው ውጤት በ1971 መጨረሻ የወጣው "ሌትስ ስቴይ ቱጌዘር" ነው፤ በ1972 መጀመሪያ በአሜሪካ የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ደራሲዎቹ ግሪን፣ ሚቼልና አል ጃክሰን ናቸው። የስምሙ አካሄድ በዘመኑ ከተለመደው የሶል ዘፈን ይልቅ ወደ ጃዝ ያደላል፤ የኦንዚ ሆርን ትምህርት እዚህ ላይ ይታያል። ስለ ቅጂው የሚነገር አንድ ነገር አለ። ሚቼል ከስቱዲዮው ደጃፍ መጠጥ ይዘው ይቀመጡ የነበሩትን የሠፈሩን ሰዎች ወደ ውስጥ አስገብቶ ቅጂውን እንዲከታተሉ አደረገ ይባላል። እውነት ከሆነ እጅግ የታሰበበት ሥራ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ ለመሣሪያ ብቻ የሚዘፍን ሰውና ፊቱን የሚያዩት ሰዎች ባሉበት የሚዘፍን ሰው አንድ አይደሉም፤ በዚያ ላይ የሰው ልብስና ገላ ራሱ ድምፅ ይመጣል።

አን ፒብልስ በ1973 ያወጣችው የዝናብ ዘፈን መክፈቻም ለባለሙያ ጆሮ የሚያስደስት ነው። ዘፈኑን ከዶን ብራያንትና ከአንድ ሌላ ባልደረባ ጋር የደረሰችው ራስዋ ናት፤ ብራያንትንም በዓመቱ አገባችው። ሚቼል በቅርቡ ያገኘው የኤሌክትሪክ ቲምባሌ የሚባል ከበሮ ነበረው፤ ምን እንደሚሠራበት ገና አልታወቀም። ዘፈኑ ሲቀዳ ይህ መሣሪያ በመስኮት ላይ የሚንጠባጠብን ዝናብ እንዲመስል ተደረገ። ብዙ ሙዚቀኛ አዲስ መሣሪያ ሲያገኝ በሁሉም ዘፈን ላይ ይጨምረዋል። ሚቼል ግን ቦታውን እስኪያገኝለት ጠበቀ።

የዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ለአገራችን ጆሮ ባዕድ አይደለም። በአስመራ በነበረው የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ወታደራዊ ሬዲዮ አማካይነትና በሚገቡት ሸክላዎች የደቡባዊው አሜሪካ ሶል በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ወደ አስመራና ወደ አዲስ አበባ ሙዚቀኞች ደርሶ ነበር። የትራምፔትና የሳክስፎን አደራደር፣ የኦርጋኑ ጀርባ፣ የከበሮው ቆጠራ ከትዝታና ከአምባሰል ጋር ተዋሕዶ በዚያ ዘመን ሸክላዎች ውስጥ ይሰማል። አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ በራሱ ስም ሸክላ ያሳተመው ከዚሁ ሚቼል ገናና በሆነበት ጊዜ ላይ ነው። አምሃ በ1975 ከአገር ወጣ፤ ከ1974 በኋላ በመጣው የሰዓት እላፊ ምክንያትም የምሽት ክበቦች እንደ ቀድሞው ሊሠሩ አልቻሉም። ዘፋኞቹና ተጫዋቾቹ ከነችሎታቸው ነበሩ፤ በየምሽቱ ተገናኝተው አብረው የሚውሉበትና የሚያመሹበት ቤት ግን ጠፋ።

በሜምፊስም በዚያው ዓመት ገደማ ጥፋት ደረሰ። በ1975 መስከረም ወር አልቆ ጥቅምት ሲጀምር አል ጃክሰን በገዛ ቤቱ በጥይት ተገደለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ስታክስ ከባንክ ጋር በነበረው የዕዳ ክርክር በፍርድ ቤት ከሰረ ተባለ፤ በሩም ተዘጋ። አል ግሪን በ1976 በሜምፊስ ቤተ ክርስቲያን ከፍቶ ሰባኪ ሆነ፤ ቀጥሎ የመጣውን አልበሙን ያለ ሚቼል ሠራ። ሃይ ሬከርድስ በ1977 በካሊፎርኒያ ለሚገኝ ኩባንያ ተሸጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሠፈሩ ሙዚቃ ሁለቱም ምሰሶዎች ወደቁ።

እዚህ ላይ በሚቼል ላይ የሚሰነዘረውን ነቀፌታ መሸሸግ አይገባም። የሰባዎቹ መጨረሻ የዲስኮ ዘመን ነበር። የሮያል አሠራር ግን አልተለወጠም፤ ያው ቤት፣ ያው ባንድ፣ ያው የከበሮ ድምፅ። ብዙ አድማጮች ይህ ሙዚቃ አርጅቷል አሉ። በእርግጥም በዚያን ጊዜ ከወጡት ሥራዎች አንዳንዶቹ ቀደም ሲል የተሠራውን መድገም ይታይባቸዋል። አንድን መልካም አሠራር ጠብቆ ማቆየትና በአሠራሩ መታሰር ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ጊዜ ብቻ ነው፤ ጊዜ ደግሞ ለባለ ሥራው ደመወዝ አይከፍልለትም። ሚቼል መቅረጫውን አውጥቶ ሸጦ፣ ወለሉን አስተካክሎ፣ በጊዜው ፋሽን የሆነውን መሣሪያ ቢያስገባ ኖሮ በዚያን ዓመት የሚወቅሰው አይኖርም ነበር።

ያደረገው ግን ሌላ ነው። ኩባንያው ሲሸጥ ስቱዲዮው በእርሱ እጅ ቀረ። የሸክላዎቹ መብት ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ ተዳፋቱ ወለል፣ ማይክሮፎኖቹና ጆንያ የለበሰው ግድግዳ በሳውዝ ሎደርዴል ጎዳና ላይ ቀሩ። በሰማንያዎቹ ዌይሎ የተባለ የራሱን አነስተኛ የሸክላ ኩባንያ አቋቁሞ የአካባቢውን ዘፋኞች መቅዳቱን ቀጠለ። ገቢው እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ በሩ ግን አልተዘጋም። በ1985 አል ግሪን ለመንፈሳዊ አልበም ወደ ሚቼል ተመለሰ። በ1988 የሮሊንግ ስቶንስ ጊታር ተጫዋች ኪት ሪቻርድስ ለመጀመሪያው የግል አልበሙ የነፋስ መሣሪያዎችን ድምፅ ፈልጎ ወደ ሮያል መጣ። በ2003ና በ2005 ግሪንና ሚቼል በዚያው ክፍል፣ ከቀሩት የቀድሞ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ሁለት አዳዲስ አልበሞች ሠሩ። በ2004 ስቱዲዮው የሚገኝበት ጎዳና ክፍል በሚቼል ስም ተሰየመ። በ2008 የአሜሪካ የቅጂ ጥበብ አካዳሚ የግራሚ ሽልማት አካል የሆነውን የባለአደራዎች ሽልማት ሰጠው።

ሠፈሩን አነቃቃ የሚለው ቃል በልክ መያዝ አለበት። አንድ ስቱዲዮ የደቡብ ሜምፊስን ድህነት አላስወገደም፤ ሊያስወግድም አይችልም። የተዘጉት ሱቆች በሙዚቃ አልተከፈቱም። ሚቼል የሠራው ጠበብ ያለ ነገር ነው። በዚያ ሠፈር መሣሪያ የያዘ ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ ቁም ነገር ያለው ሥራ የሚያገኝበት፣ አዋቂ ተጫዋቾችን አጠገባቸው ተቀምጦ የሚሰማበት አንድ በር ለአምሳ ዓመት ያህል ክፍት አደረገ። ከውጭ የሚመጡት ታላላቅ ሰዎችም ሙዚቀኛ ይዘው ሳይሆን ሙዚቀኛ ፈልገው ይመጡ ስለነበረ ገንዘቡ ጥቂትም ቢሆን እዚያው ይቀር ነበር።

የሌላው ሲኒማ ቤት ዕጣ ማነጻጸሪያ ነው። የስታክስ ሕንፃ ከከሰረ በኋላ በሰው እጅ ተላልፎ ለዓመታት ባዶውን ቆሞ በ1989 ፈረሰ። ቦታው ከአሥር ዓመት በላይ ጠፍ መሬት ነበር። ከዚያ በኋላ የከተማው ሰዎች ተባብረው በ2003 በዚያው ቦታ ላይ ሙዚየም ከፈቱ። የሲኒማ ቤቱ ፊት እንደ ቀድሞው ሆኖ ታነጸ፤ ስቱዲዮውም ከነተዳፋቱ ወለል በምስሉ ተሠራ። አጠገቡም ለሠፈሩ ልጆች የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ ሥራው የሚያስመሰግን ነው። አንድ ጊዜ እንደ ጉድለት ተቆጥሮ የፈረሰን ወለል በብዙ ወጪ እንደገና አዘንብሎ ማነጽ ለግንባታ ባለሙያ የሚያሳስብ ታሪክ ነው። ጎብኚው እዚያ ሲደርስ ከበሮውን በመከለያው ማዶ ያየዋል። በሮያል ግን ከበሮው ይመታል።

ዊሊ ሚቼል በጥር 2010 በ81 ዓመቱ ሜምፊስ ውስጥ አረፈ። በመጨረሻ ካዘጋጃቸው ሥራዎች አንዱ የሶሎመን በርክ አልበም ነው፤ የወጣው አዘጋጁ ከሞተ በኋላ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ቲኒ በ2014፣ ከበሮ መቺው ግራይምስ በ2022 ተከተሉት። ስቱዲዮውን የተረከበው ሚቼል እንደ ልጅ ያሳደገው የልጅ ልጁ ሎረንስ ሚቼል ነው፤ በሙዚቃው ዓለም ቡ በሚለው ስሙ ይታወቃል። ሙያውን የተማረው እዚያው በአያቱ መቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ማርክ ሮንሰን አዲስ አልበም ሊሠራ በመጣ ጊዜ ቡ ወለሉን አላስተካከለለትም፤ ግድግዳውንም አላደሰለትም። በከፊል እዚያ የተቀዳውና በ2014 የወጣው "አፕታውን ፈንክ" በአሜሪካ ሰንጠረዥ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በ2016 የዓመቱ ምርጥ ቅጂ ተብሎ ግራሚ ሲሸለም ቡ ሚቼልም በመሐንዲስነቱ ከተሸላሚዎቹ አንዱ ነበር። ማይክሮፎን ቁጥር 9 በስቱዲዮው ተጠብቆ ይገኛል።